ቆጵሮስ ላይ ቤት ገዝቶ መግባት፦ ከኮቻኒ እስከ ምጣድ የዘለቀ ክር

መነሻው

ይህ ኢንተርኔት ላይ በአንድ ሰው ጥያቄ ሥር የተሰለፉ መልሶች (ክር የሚባለው) አጭር ቅጂ ነው። ጠያቂው የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። ከባለቤቱና ከአንድ ልጁ ጋር ሜሪላንድን ለቆ ቆጵሮስ ሊገባ አስቧል። ላርናካ ውስጥ ሰው የኖረበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ200 ሺህ ዩሮ ቀርቦለታል። ከ1974 ጀምሮ በቱርክ ጦር ከተያዘው የደሴቲቱ ሰሜን ደግሞ፣ ኢስኬሌ ከሚባለው አካባቢ፣ ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት በግማሽ ዋጋ፣ ያውም በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ፣ የሚል ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ገብቶለታል። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ቤት ሲገዛ የመኖሪያ ፈቃዱ አብሮ ይመጣል ወይ? ከቤቱ ዋጋ ሌላ ስንት ይያዝ? ከሁለቱስ የቱ ያዋጣል? እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ እንዲህ ባልረዘመ። እሱ ግን መጨረሻ ላይ፣ ደላላው ሁሉን ስለሚጨርስ ጠበቃ መያዝ ገንዘብ መበተን ነው የሚል ነገር ጣል አደረገ።

መልሶቹን በተራቸው አስቀምጫለሁ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን ስለዘለልኩ ቁጥሩ እዚህም እዚያም ይዘላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

እንኳን ደስ አለህ ብሎ በትሕትና ይጀምርና ወዲያው ጠበቃው ላይ ያርፋል። ቆጵሮስ ውስጥ ኮሚሽን በተለምዶ የሚከፍለው ሻጩ ነው፤ ስለዚህ ደላላው የማን ሰው እንደሆነ ግልጽ ነው። ፈቃድ ያለው ደላላ የምዝገባ ቁጥር አለው፣ ጠይቀው። ቁጥሩ ቢኖርም ግን ሥራው ማገናኘት ነው እንጂ ሰነድ መመርመር አይደለም። በፈረንሳይና በጣልያን ለገዢም ለሻጭም መሃል ሆኖ ውሉን የሚያጣራ ኖተር አለ፤ ቆጵሮስ የእንግሊዝን ሥርዓት ስለወረሰ ያ ሰው የለም። የገዢው ጠበቃ ካላየው ማንም አያየውም። ጠበቃውን ደግሞ ሻጩ ወይም ሪል እስቴቱ ከጠቆመው ቢሮ አትውሰድ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 2

የመኖሪያ ፈቃዱን ያዘ። ቤት መግዛት ቪዛ አይደለም አለ። በኢንቨስትመንት ዜግነት የሚሰጠው ፕሮግራም ኖቬምበር 1 ቀን 2020 ተዘግቷል፤ እስከ ዛሬ እሱን እያነሳ የሚያሻሽጥ ካለ ሽሹት። የቀረው በተለምዶ 6(2) የሚባለው የቋሚ መኖሪያ መንገድ ነው። ከሜይ 2023 ወዲህ በዚህ መንገድ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 300 ሺህ ዩሮና ቫቱን መክፈል አለበት። ከውጭ አገር የሚገባ የዓመት ገቢም ማሳየት ይጠበቅበታል፦ ለአመልካቹ 50 ሺህ፣ ለትዳር ጓደኛ 15 ሺህ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ሺህ ዩሮ። ለጠያቂው ቤተሰብ ድምሩ 75 ሺህ ይሆናል። የ200 ሺሁ አፓርታማ በዋጋም አይደርስም፣ ያገለገለ በመሆኑም አይቆጠርም።

መልስ 3

ሁለተኛውን ያርማል፣ በጨዋ ቋንቋ። ያገለገለ ንብረት ፈጽሞ አይቆጠርም ማለት ትክክል አይደለም፤ ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ሌላ የንግድ ቤት ከሆነ ሁለተኛ እጅም ይሆናል። መኖሪያ ቤት ሲሆን ነው ከአልሚው፣ ማለትም አስገንብቶ ከሚሸጠው ድርጅት፣ የመጀመሪያ ሽያጭ መሆን ያለበት። ከዚያ ሰዎች የሚረሱትን ጨመረ። ይህ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቅድም፣ በሁለት ዓመት አንዴ ደሴቲቱን መርገጥ ግዴታ ነው፣ ቆጵሮስም የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆን በመሃላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱት አገሮች ቀጠና፣ ሼንገን፣ ውስጥ ስላልገባች በዚህ ካርድ ፓሪስ ደርሶ መመለስ የለም።

መልስ 4

ከእስራኤል የጻፈ ሰው ነው፤ ጥያቄውን ወደ ራሱ አካባቢ ጎተተው። የእስራኤል ፓስፖርት እንደ አሜሪካው ነው ወይ አለ፤ ከቴል አቪቭ ላርናካ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ ብዙ ሰው እያሰበበት ነው። እግረ መንገዱን ላርናካ ማዘጋጃ ቤት የሲቪል ጋብቻ የፈጸሙ ሰዎች ያ ወረቀት ለመኖሪያ ይጠቅማቸው እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 5

አይጠቅምም፣ የጋብቻ ወረቀት ጋብቻን ብቻ ነው የሚያስረዳው አለ። የእስራኤልም የአሜሪካም ፓስፖርት ያዥ ከኅብረቱ ውጭ ያለ ዜጋ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይወጣል። ቤት ቢኖረውም ይወጣል። ለግዢውም ቢሆን ፈቃድ ይጠየቃል። ማመልከቻው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ስም ለአውራጃ አስተዳደር ይቀርባል፤ የሚፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ወይም አፓርታማ ነው፤ መሬት ከሆነ እስከ 4,014 ካሬ ሜትር። የአገሩ ሰው ሦስት ዶኑም ይለዋል፤ አንዱ ዶኑም 1,338 ካሬ ነው። ማመልከቻው ከውሉ በኋላ የሚገባ ሲሆን መልስ እስኪመጣ ቤቱ ውስጥ መኖር ይቻላል፣ ስም ማዛወር ግን አይቻልም።

መልስ 7

ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ርዕሱ ኮቻኒ ነው፤ ቆጵሮሶች የንብረት ባለቤትነት ወረቀትን የሚጠሩበት ቃል፣ ከቱርክ ዘመን የቀረ። እኛ ካርታ የምንለው ነው። ጸሐፊው ከዋጋም ከቦታም በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ ይላል፦ አፓርታማው የራሱ፣ የተነጠለ ኮቻኒ አለው ወይስ የለውም?

የተነጠለ ኮቻኒ የሌለው አፓርታማ የሚኖረው ሕንጻው ተሠርቶ ወረቀቱ ስላላለቀ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፦ የፕላን ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ግንባታ፣ የመጨረሻ ማጽደቂያ፣ ክፍፍል፣ ከዚያ በየአፓርታማው ኮቻኒ። አልሚው ከፈቃዱ ውጭ አንድ በረንዳ ከዘጋ፣ የመኪና ማቆሚያውን ወደ መጋዘን ከቀየረ፣ ወይም አንዱ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ክፍል ከጨመረ የመጨረሻው ማጽደቂያ ይቆማል። አንዱ ባጠፋው የሕንጻው ሰው ሁሉ ያለ ኮቻኒ ይቀመጣል። ስለዚህ ኮቻኒ በቅርቡ ይወጣል የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ጥያቄው መቼ ሳይሆን በየትኛው ደረጃ ላይ ነው መሆን አለበት፤ ለዚያም ከአውራጃው ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ወረቀት ይምጣ።

ሁለተኛው ወረቀት የምርመራ ሰርተፊኬት ነው፤ ክቲማቶሎጊዮ ከሚባለው የመሬት መዝገብ ቤት ይወጣል። በንብረቱ ላይ የባንክ ሞርጌጅ፣ የፍርድ ቤት ዕዳ፣ ክልከላ፣ የመተላለፊያ መብት፣ ቀድሞ የገባ ሌላ ውል ካለ ያሳያል። ሰርተፊኬቱን ማንም መንገደኛ አያወጣውም፤ ባለቤቱ በጽሑፍ ለገዢው ጠበቃ መፍቀድ አለበት። ፈቃዱን ለመፈረም የሚያቅማማ ሻጭ ያለውን ነገር በራሱ ነግሯችኋል። የሦስት ወር ሰርተፊኬት ደግሞ ያደረ እንጀራ ነው፣ ከፊርማው ጥቂት ቀን በፊት የወጣ ይሁን ይላል።

ሦስተኛው፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ መዝገብ ቤት ማስገባት ነው። በ2011 በወጣው ሕግ ጊዜው ስድስት ወር ነው። የገባ ውል ንብረቱ ላይ እንደ እገዳ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባንክም ሆነ ሌላ አበዳሪ ከገዢው ኋላ ይሰለፋል፣ ሻጩም እምቢ ቢል ገዢው በፍርድ ቤት ስሙን ማዛወር ይችላል። በመሳቢያ የተቀመጠ ውል ግን ወረቀት ነው። ስድስት ወር አለን ብሎ አምስተኛው ወር ላይ የሚሄድ ሰው በመሃል የገባውን ሞርጌጅ ተሸክሞ ይመለሳል፤ በማግስቱ አስገቡት።

መልስ 8

ቀድሞ የገባ ሞርጌጅ ያለበትንስ ውል ማስገባት አያድነውም ሲል ሰባተኛውን አሟላ። አልሚዎች መሬቱን አስይዘው ከባንክ ይበደራሉ፣ ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሲያበቃ መሬቱ አሁንም የባንክ መያዣ ነው። በ2013 የባንክ ቀውስ ላይኪ ባንክ ሲዘጋ፣ በባንክ ኦቭ ሳይፕረስም ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ከነበረው ተቀማጭ 47.5 በመቶው ወደ አክሲዮን ሲቀየር ይህ ጉድ ገሃድ ወጣ። ከፍለው የጨረሱ፣ ግን በአልሚው ዕዳ የታሰሩ ገዢዎች፣ የታሰሩት የሚል ስም ወጣላቸው፤ በ2015 ለእነሱ የተለየ ሕግ ወጣ። መፍትሔው ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከባንኩ የተፈረመ ደብዳቤ መያዝ ነው፦ ይህ አፓርታማ ይህን ያህል ሲከፈልበት ከመያዣው ነፃ ይሆናል የሚል። የአልሚው የራሱ ደብዳቤ አይበቃም።

መልስ 9

ጠያቂው ተመለሰ። አመስግኖ፣ ደንግጦ፣ ከዚያ በአንድ መስመር ባለቤቱ የስዊድን ፓስፖርት እንዳላት አነሳ።

መልስ 10

እዚህ ላይ የክሩ ጠባይ ተለወጠ። ጸሐፊው ስምንት መልስ ሙሉ ሰው ሲደክም ይህን መደበቅ ምን ይባላል ሲል ቆጣ አለ። ቁጣው ግን ፍሬ አለው፦ እስካሁን ስለ 300 ሺህና ስለ 75 ሺህ የተባለው ሁሉ ለዚህ ቤተሰብ አያስፈልግም። ሚስት የኅብረቱ ዜጋ ናት፤ ገብታ ትኖራለች፣ በአራት ወር ውስጥ ኤምኢዩ1 በሚባለው ቅጽ ትመዘገባለች፣ ቢጫ ወረቀት የሚሉትን ትወስዳለች፤ ክፍያው 20 ዩሮ ነው። ባል እንደ ቤተሰብ አባል በኤምኢዩ2 ያመለክታል፣ እሱም በአራት ወር ውስጥ። በዚህ ካርድ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። እሷ ካልሠራች በቂ ገቢና የጤና መድን ማሳየት አለባት። ቤቱ በእሷ ስም ከሆነ የግዢ ፈቃድ የሚባል ነገርም የለም።

መልስ 11

አሥረኛው ትክክል ነው፣ ቅጹን ግን ሰው የሚወድቅበት ቦታ ሌላ ነው አለ፤ ስም ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ይዘው ሲቀርቡ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛዋ ባልና ሚስት መሆናቸውን ከፓስፖርቱ ማየት አትችልም። ስለዚህ የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ዋናው ማስረጃ ነው። አሜሪካ ወይም ስዊድን ከተጋቡ አፖስቲል፣ ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታመን የሚደረግ ማረጋገጫ፣ ይመታበታል፤ አዲስ አበባ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከማረጋገጥ ይጀመራል። ሌላው፣ የአንድ ሰው ስም በልደት ወረቀቱ፣ በጋብቻ ሰርተፊኬቱና በፓስፖርቱ ላይ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ጸሐይ ብቻዋን ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላት አስቡት። ኮቻኒ ላይ የሚሰፍረው የፓስፖርቱ ነው፤ ልዩነት ካለ አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ቀድሞ ይዘጋጅ። ውክልና ለጠበቃ ከተሰጠም በዚያው አጻጻፍ ይሁን። በአንድ ፊደል ስህተት መዝገብ ቤት ደርሶ መመለስ የተለመደ ነው።

መልስ 13

ወጪውን በስሌት አስቀመጠ፤ ክሩ ላይ ብዙ ሰው ያመሰገነው ይህን ነው። ያገለገለ ቤት ሲገዛ የስም ማዛወሪያ ክፍያ እንዲህ ነው፦ እስከ 85 ሺህ ዩሮ 3 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 170 ሺህ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 8 በመቶ፤ ከድምሩ ግማሹ ይቀነሳል። ለ200 ሺሁ አፓርታማ 2,550 ሲደመር 4,250 ሲደመር 2,400፣ በድምሩ 9,200 ይመጣል፤ ግማሹ 4,600 ዩሮ። በሁለት ሰው ስም እኩል ቢሆን ግን እያንዳንዱ በ100 ሺህ ስለሚሰላ 3,300 ለአንዱ፣ 6,600 ለሁለቱ፣ ግማሹ 3,300 ዩሮ ነው። 1,300 ዩሮ ተረፈ ማለት ነው። ክፍያው የሚሰላው መዝገብ ቤቱ በሚቀበለው የገበያ ዋጋ ነው፤ ዋጋ አሳንሶ ውል መጻፍ ነገ ሲሸጥ ትርፍ ያስመስላል፣ በትርፉ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ግብር አለ።

መልስ 14

ስሌቱ ልክ ነው፣ ምክሩ ግን ለዚህ ቤተሰብ አይሆንም ሲል ተቃወመ። የባል ስም በገባ ቁጥር ለእሱ ድርሻ የውጭ ዜጋ ፈቃድ ይጠየቃል፤ 1,300 ዩሮ ለማዳን ስም ማዛወሩን ለወራት ማዘግየት ምን ይሉታል። በሚስት ስም ብቻ ከሆነና የተነጠለ ኮቻኒ ካለ ውል ማስገባትም ሳይጠበቅ በቀጥታ ማዛወር ይቻላል።

መልስ 15

ባል ገንዘቡን አውጥቶ በሚስት ስም ብቻ ይሁን ማለት ቤት ማፍረስ ነው የሚል መጣ። ከዚህ በኋላ ስድስት መልስ ያህል በባልና ሚስት ጉዳይ አለቀ፤ አልደግመውም። ከመሃሉ የሚረባው አንድ ነው፦ ውሉን አሁን በእሷ ስም አድርጎ፣ ፈቃዱ ሲመጣ ድርሻ ማስተላለፍ ይቻላል፤ በትዳር ጓደኛሞች መሃል ያለው የማዛወሪያ ክፍያ ከሽያጩ በእጅጉ ያነሰ ነው።

መልስ 22

አዲስ ቤት ለሚያስቡ የቫቱን ነገር አመጣ። አዲስ ቤት 19 በመቶ ቫት አለበት፣ ቫት የተከፈለበት ግን የማዛወሪያ ክፍያ የለውም። ዋና መኖሪያ ለሚያደርገው ሰው 5 በመቶ የሚባለው ቅናሽ አለ፤ በ2023 ግን ደንቡ ጠበቅ ብሏል። ለመጀመሪያው 130 ካሬ ሜትር እስከ 350 ሺህ ዩሮ ድረስ ይሠራል፤ ጠቅላላው ቤት ከ190 ካሬ ወይም ከ475 ሺህ ዩሮ ካለፈ ቅናሹ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። 250 ሺህ የሚያወጣ 100 ካሬ አፓርታማ በ5 በመቶ 12,500፣ በ19 በመቶ 47,500 ነው። ልዩነቱ 35 ሺህ ሲሆን ይህ ስጦታ አይደለም፤ አሥር ዓመት የሚኖሩበት ቤት ነው። በስድስት ዓመት ትተው ከወጡ ወይም ካከራዩ የቀረው አራት ዓመት ማለትም 14 ሺህ ዩሮ ተመላሽ ይጠየቃል፣ በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅም ግዴታ ነው። አከራይተው ቅናሹንም ይዘው ለመቀመጥ የሚያስቡ አሉ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ስለሚጠየቅ ይያዛሉ።

መልስ 23

ይህኛው ሰሜኑን አወደሰ። ዋጋው በእንግሊዝ ፓውንድ፣ ባሕሩ ያው ባሕር፣ ፀሐዩ ያው ፀሐይ፣ ወርሃዊ ክፍያው ቀላል፤ በደቡብ ያለው ሰው ስለሚቀና ነው የሚያስፈራራው ብሎ ዘጋ።

መልስ 24

ሹል መልስ ተሰጠው። ያው ባሕር ቢሆንም ባለቤቱ ያው አይደለም ይላል። በ1974 የቱርክ ጦር ሲገባ ወደ ደቡብ የተፈናቀሉ የግሪክ ቆጵሮሳውያን መሬት ነው አብዛኛው የሚሸጠው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1996 ሎይዚዱ በተባለች የመሬት ባለቤት ጉዳይ ባለቤትነታቸው አልጠፋም ብሏል። የአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት በ2009 በመሬቱ ባለቤት በአፖስቶሊዴስና በገዢዎቹ በኦራምስ ባልና ሚስት ክርክር የቆጵሮስ ፍርድ በሌላ የኅብረቱ አገር ይፈጸማል አለ፤ ሰሜን ባለችው ላፒቶስ ላይ ቪላ የሠሩት እነዚህ እንግሊዛውያን እንግሊዝ ያለ ንብረታቸው ድረስ ፍርዱ ተከትሏቸው ሄዷል። በወንጀልም እስከ ሰባት ዓመት የሚያስቀጣ አንቀጽ ከ2006 ጀምሮ አለ፤ በ2025 ሁለት የሃንጋሪ ዜጎች እንዲህ ያለ ንብረት በማሻሻጥ ኒኮሲያ ላይ ተፈርዶባቸዋል። ሚስቱ የስዊድን ዜጋ ለሆነች፣ ስቶክሆልም ንብረት ሊኖራት ለሚችል ሰው ይህን መምከር ወዳጅነት አይደለም ብሎ ስድብ አከል ነገር ጨመረ፤ አስተዳዳሪው ሰርዞታል።

መልስ 25

ሃያ ሦስተኛው ተመልሶ፣ ያው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 በሰሜን ያለውን የንብረት ኮሚሽን ተቀብሏል፣ ስለዚህ ሕጋዊ ነው አለ።

መልስ 26

በረጋ መንፈስ ለሁለቱም መለሰ። የ2010 ውሳኔ ኮሚሽኑ ለቀድሞው ባለቤት ካሳ መጠየቂያ በር መሆኑን ነው የተቀበለው፤ ለገዢው ንጹሕ ወረቀት አልሰጠም። በሌላ በኩል ሰሜን ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፦ ከ1974 በፊት የቱርክ ቆጵሮሳውያን የነበረ አለ፣ በደቡብ ለተወው ንብረት ምትክ የተሰጠ አለ፣ እንዲሁ የተመደበ አለ። ማስታወቂያዎቹ ሦስቱንም አንድ ላይ ኮቻኒ ይሏቸዋል። ሰሜን ባለው በኤርጃን አየር ማረፊያ መግባትም በሪፐብሊኩ፣ ማለትም በደቡቡ መንግሥት፣ ዘንድ ሕገወጥ መግቢያ ነው፤ ደቡብ ላይ ኤምኢዩ2 የሚያመለክት ባል በዚያ በኩል እንዳይመጣ። ከዚህ በኋላ በሰሜኑ ጉዳይ የጻፈ የለም።

መልስ 28

ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን አነሳ። የቆጵሮስ ባንክና ጠበቃ ከ2013 ወዲህ ምንጭ ሳያዩ አይቀበሉም። የደመወዝ ወረቀት፣ የግብር ማስታወቂያ፣ ቤት ተሽጦ ከሆነ የሽያጩ ሰነድ ይጠየቃል። የእኛ ሰው የሚጠመደው በዕቁብ ነው። 40 ሺህ ዶላር ዕቁብ ወጥቶለት በጥሬው ባንክ ያስገባ ሰው ያን ገንዘብ ማስረዳት አይችልም፤ ዳኛው በወረቀት ቢመሰክሩም ባንኩ ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም። ቀድሞ በየወሩ የተከፈለው ከሒሳቡ ሲወጣ፣ የወጣለትም በሒሳብ ሲገባ ከታየ ይሻላል። ከዘመድ የተላከ ድጋፍ ካለም የላኪው ምንጭ ይጠየቃል።

መልስ 29

ወረቀት ወረቀት ስትሉ ቤቱን ማን አየው ሲል ወደ ኮንክሪት ወረደ። ላርናካና ሊማሶል ባሕር ዳር ያሉ የቆዩ ሕንጻዎች በረንዳቸው ከሥር ይታይ፤ ልስኑ ተነስቶ ፌሮው ዝጎ ከወጣ ቀለም አያድነውም። ጨው ያለበት አየር ፌሮውን ያዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሶሌታ ነው፤ ላዩ ላይ የተነጠፈው ውሃ መከላከያ ካትራሜ ጠርዙ ከተላቀቀ የመጨረሻው ፎቅ ኮርኒስ በክረምት ያለቅሳል። የልብስ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ጀርባውን ማየት አያስነውርም፤ ጥቁር ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቤቶቹ ለበጋ የተሠሩ ናቸው፤ ሙቀት መከላከያ የሌለው የቆየ አፓርታማ በጃንዋሪ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በጁላይ አይቶ የገዛ ሰው ይህን አያውቅም።

መልስ 30

ሃያ ዘጠነኛውን ደግፎ የመሬት መንቀጥቀጡን ጨመረ። ፓፎስ በ1953 ክፉኛ ተመትታለች። የመንቀጥቀጥ ስሌት በግንባታ ደንብ የገባው በ1990ዎቹ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ፣ በተለይ ምድር ቤቱ በቀጭን ዓምዶች ላይ ቆሞ መኪና የሚቆምበት ሕንጻ፣ መሐንዲስ ሳያየው አይገዛ። ሸክላ አፈር ባለበት ኮረብታም እንዲሁ፤ ፒሱሪ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል።

መልስ 31

ጣሪያው ላይ ስትወጡ ሌላም እዩ አለ። ፀሐይ የሚያሞቀው የውሃ ማሞቂያና ሮቶው እዚያ ናቸው። የማን ሮቶ የትኛው እንደሆነ፣ የማሞቂያው ቦታ በውል ተጽፎ እንደሆነ፣ ወይስ የላይኛው ፎቅ ባለቤት ጣሪያው የእኔ ነው እንደሚል ይጠየቅ። ውሃው ኖራ የበዛበት ነው፤ በደመናማ ቀን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ ኖራ ይለብስና ይቃጠላል። ደሴቲቱ በ2008 ከግሪክ በመርከብ ውሃ እስከማስመጣት ደርሳለች፤ ዛሬ ጨው ማጣሪያ ጣቢያዎች ቢኖሩም ድርቅ ሲጠና በፈረቃ ይሆናል። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ተንሳፋፊው ቧንቧ ከዘጋ ማለት ነው።

መልስ 33

ክሩ ከዚህ ወደ ምጣድ ዞረ። አንዲት ጸሐፊ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው የእንጀራ ምጣዱን ይዞ ይምጣ ወይ ስትል ጠየቀች።

መልስ 34

አይምጣ። አሜሪካ የተገዛው ምጣድ የ120 ቮልት ነው፣ ቆጵሮስ 240 ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሽቦው ይበጠሳል። የመሰኪያ መቀየሪያ ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም። ትራንስፎርመር ቢገዛ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ከባድ ብረት ነው፤ ከምጣዱ ይበልጣል። የአዲስ አበባውን የሸክላ ምጣድ ማስመጣት ይሻላል።

መልስ 35

የአዲስ አበባውም መሰኪያው ቆርጦ በመቀየር ብቻ አይሠራም ሲል አረመ። የሸክላው ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ያ 15 አምፔር ነው። የቆጵሮስ መሰኪያ እንደ እንግሊዝ ሦስት ጥርስ ያለው፣ ውስጡ 13 አምፔር ፊውዝ ያለው ነው። ቢያንስ አንዴ ይጋግራል፤ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ግን ፊውዙ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ የሶኬቱ ጥርስ ይጠቁራል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ሳጥን በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለብቻው መስመር ይሳብ፣ 20 አምፔር ብሬከር ይግባበት፣ ምጣዱም ያለ መሰኪያ በማብሪያ ማጥፊያ ይገናኝ። ወጥ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ መስመር ካለው ከዚያ መውሰድ ይቻላል።

መልስ 37

ጉዳዩን የሚያዘገየው ፋሲካ ነው የሚል፣ ያልተጠበቀ ግን ጠቃሚ መልስ። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ገናን ዲሴምበር 25 ቢያከብርም ፋሲካው ከእኛው ጋር አንድ ቀን ይውላል፤ ከስቅለት እስከ ማግስቱ ሰኞ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። በኦገስት አጋማሽም ለፍልሰታ በዓላቸው ጠበቃው፣ አልሚውም፣ የባንኩም ሰው አይገኙም። ስም የማዛወሪያ ቀን በእነዚህ ሳምንታት አይቀጠር። ለጾመኛ የሚመች አገር እንደሆነ ጨምሮ፣ በጾም ወቅት ሱቁ ሁሉ የጾም ምግብ እንደሚለይ ጻፈ።

መልስ 38

ጠያቂው ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ጠበቃ ይዟል። ሰርተፊኬቱ ወጥቷል፦ የተነጠለ ኮቻኒ አለ፣ የሻጩ ሞርጌጅ ግን 62 ሺህ ዩሮ ቀርቶበታል። ሻጩ ቀብዱን ስጡኝና ሞርጌጁን እኔ እከፍላለሁ ብሏል።

መልስ 39

አንድ ዩሮ በሻጩ እጅ እንዳይገባ አለ ሰባተኛውን የጻፈው ሰው። ቀብዱ በገዢው ጠበቃ የደንበኞች ሒሳብ ይቀመጥ። ከሻጩ ባንክ የቀሪው ዕዳ መጠን ከነቀኑ የተጻፈበት ደብዳቤ ይምጣ፤ ወለድ በየቀኑ ስለሚጨምር የማዛወሪያው ቀን ታስቦ ይሁን። በቀኑ ክቲማቶሎጊዮ ላይ አራት ሰዎች ይገናኛሉ፦ ሻጭ፣ ገዢ ወይም ወኪሉ፣ ጠበቃው፣ የባንኩ ተወካይ። ሁለት ቼክ በባንክ የተረጋገጠ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለሻጩ ባንክ በዕዳው ልክ፣ ሁለተኛው ቀሪው ለሻጩ። የባንኩ ተወካይ የመያዣውን ማንሻ ይፈርማል፣ ከዚያ ስሙ ይዛወራል፣ ቼኩ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ የትርፍ ግብሩን፣ የማዘጋጃ ቤት ክፍያውንና የፍሳሹን፣ እንዲሁም 0.4 በመቶ የተፈናቃዮች መዋጮውን ከፍሎ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ፤ አንዱ ከጎደለ መዝገብ ቤቱ ያን ቀን አያዛውርም። የሕንጻው የጋራ መገልገያ ክፍያም ውዝፍ ካለው ከቀሪው ቼክ ይቀነስ።

መልስ 40

ስለ ምጣዱ መስመር የጻፈው ሰው ተመልሶ፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት የቆጣሪውን ሳጥን ክፈቱና የዋናውን ብሬከር አምፔር አንብቡ፤ 40 ካለው ምጣድ፣ ማሞቂያና ኤሲ አብረው አይበሩም አለ።